ፕሮግራም ሳይሠራ ስለሚመረመርበት ሥርዓት

በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢና በፒያሳ የወርቅ ሥራ የሚያውቅ አንጥረኛ፣ የቀረበለትን ቀለበት ሳያቀልጥና ሳይሰብር በጥቁሩ የመፈተኛ ድንጋይ ላይ አሽቶ፣ በጭረቱም ላይ አሲድ ጠብ አድርጎ፣ 18 ካራት ወይም 21 ካራት መሆኑን እንደሚለይ ሁሉ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊም ድርሰቱን ገና በሥራ ላይ ሳያውለው፣ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ስም ቁጥር፣ ጽሑፍ ወይም ባዶ መሆኑን የሚመረምርለት መሣሪያ አለው፤ ስሙም የዓይነት መርማሪ ይባላል።

የጥበቡ መሠረት የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ሮቢን ሚልነር እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ጥናት፣ ጸሐፊው የነገሩን ዓይነት በግልጥ ሳይናገር፣ መሣሪያው ራሱ ከአገባቡ አመዛዝኖ የሚደርስበትን ሥርዓት አብራራ። እ.ኤ.አ. በ1991 በጊዶ ቫን ሮሱም እጅ የወጣው ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ግን ዓይነትን የሚጠይቀው ፕሮግራሙ በሚሠራበት ሰዓት ብቻ ስለ ነበረ፣ ፊንላንዳዊው ዩካ ሌህቶሳሎ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ሲያጠና ማይፓይ የተባለውን መርማሪ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ፓይተን 3.5ም ዓይነትን በጽሑፍ የማመልከቱን ደንብ በይፋ ተቀበለ።

መርማሪው ዝም ሲል ግን ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ለአንድ ወርቅ ቤት የተጻፈ ፕሮግራም ሻጩ በቁልፍ ሰሌዳ የመታውን ክብደት ተቀብሎ በ3 ያባዛል እንበል። በፓይተን ሕግ ከቁልፍ ሰሌዳ የሚገባው ሁሉ ጽሑፍ እንጂ ቁጥር ስላልሆነ፣ እያንዳንዳቸው 12 ግራም የሚመዝኑ ሦስት አምባሮች 36 ግራም መሆናቸው ቀርቶ 121212 ተብለው ይወጣሉ። ጽሑፍን በቁጥር ማባዛት በዚህ ቋንቋ የተፈቀደ ነው፤ ፍቺውም ያንኑ ጽሑፍ ደጋግሞ መጻፍ ነውና፣ ውጤቱ ቁጥር እንዲሆን አስቀድሞ ካልተጻፈ በቀር ማይፓይ አንዳች ነቀፋ አያሰማም።

እንግዲህ መድኃኒቱ መርማሪውን መጠየቅ ነው። ጸሐፊው ሪቪል ታይፕ የተባለውን ትእዛዝ ክብደት በሚለው ስም ላይ አድርጎ ማይፓይን ቢያስኬድ፣ መርማሪው የመስመሩን ቁጥር ጠቅሶ ዓይነቱ ጽሑፍ መሆኑን በማስታወሻ ይገልጥለታል፤ የተሰወረውም ስሕተት በዚያው ገሃድ ይወጣል። ያው አንድ ስም በላይኛው መስመር «ቁጥር ወይም ባዶ» ተብሎ፣ ባዶነቱ በቅድመ ሁኔታ ከተወገደ በኋላ በታችኛው መስመር «ቁጥር» ብቻ ሲባል ማየትም፣ የመርማሪውን አእምሮ እንደ ማንበብ ያለ ትምህርት ነው።

ከመልሶቹ ሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ግን «ኤኒ» የሚለው ነው። ኤኒ ማለት ማንኛውም ዓይነት ተፈቅዷል፣ ስለዚህም በዚህ ስም ላይ ምርመራ የለም ማለት ነው፤ ማይፓይ ዓይነት ያልተጻፈባቸውን ፈንክሽን የተባሉ የፕሮግራም ክፍሎች ካልታዘዘ በቀር ውስጣቸውን ስለማይመረምር፣ በእነርሱ ውስጥ ያለውን ስም ሁሉ ኤኒ ይለዋል። እንዲህ ያለ ፕሮግራም አንድም ነቀፋ ሳይደርስበት ሲያልፍ የተመሰገነ የሚመስለው ብዙ ነው፤ እኔ ይህን ከግልጥ ስሕተት የከፋ አደጋ አድርጌ እቈጥረዋለሁ።

ሪቪል ታይፕ የተባለው ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው ፓይተን 3.11 ጀምሮ በታይፒንግ ሞጁል ውስጥ ይገኛል፤ ከሞጁሉ ሳይጠራ በጽሑፉ ውስጥ ቢረሳ ግን ፕሮግራሙ እዚያ መስመር ላይ ሲደርስ ይቆማልና መልሱ እንደ ተገኘ መሰረዝ አለበት። ለነጋዴ የሚዛንና የገንዘብ ፕሮግራም የምትጽፉ ወጣቶች ሆይ፣ ሥራችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ከውጭ የሚገባውን እያንዳንዱን ስም በዚህ ትእዛዝ ጠይቁ።