የመርካቶ አክሲዮን ለወራሽ ሲተላለፍ

መርካቶ ውስጥ ባለቤታቸው አንድ ሰው ያልሆነ የገበያ ሕንፃዎች ሞልተዋል። በ1990ዎቹ የከተማው አስተዳደር የቆርቆሮ ሱቆች ፈርሰው ፎቅ ይሠራ ሲል፣ ብቻውን አቅም ያልነበረው ነጋዴ ከጎረቤቶቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ አክሲዮን ማኅበር አቋቋመ። ከእነዚያ ነጋዴዎች ያረፉ አሉ። ልጆቻቸውም የአባታቸውን የአክሲዮን ምስክር ወረቀት ይዘው ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይመጣሉ። ወረቀቱ ብቻውን ግን አያወርስም።

ወሳኙ የባለአክሲዮኖች መዝገብ ነው። ማን ስንት አክሲዮን እንዳለው የሚሰፍረው እዚያ ላይ ነው። በ1952 በወጣው የንግድ ሕግም ሆነ የማኅበራቱን ክፍል በተካው አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ በስም የተመዘገበ አክሲዮን ተላለፈ የሚባለው መዝገቡ ላይ ሲጻፍ ነው። የሟች ስም እስካልተቀየረ ድረስ ወራሹ በጉባኤ ድምፅ ልስጥ፣ ትርፍ ይከፈለኝ ቢል ማኅበሩ አያውቀውም።

ስሙን ለማስቀየር መጀመሪያ ፍርድ ቤት መሄድ የግድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የወራሽነት ማረጋገጫ የሚሰጠው የከተማው ፍርድ ቤት ነው። የሞት የምስክር ወረቀት፣ የልጅነት ማስረጃ፣ ምስክሮች፣ ኑዛዜ ካለም ኑዛዜው ይቀርባል። ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በጋዜጣ ጥሪ ሊታዘዝም ይችላል። ወራሾቹ ከተጣሉ ግን ጉዳዩ መደበኛ ክርክር ይሆንና ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው በሚስት ድርሻ ላይ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የመጀመሪያ ደረጃ ወራሾች ልጆች ናቸው፤ በእኩል ይካፈላሉ። ሚስት በኑዛዜ ካልተጠቀሰች በቀር የባሏ ወራሽ አይደለችም። ይሁንና በጋብቻ ዘመን የተገዛ አክሲዮን በባል ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ሀብት ነው ተብሎ ይገመታል፤ ስለዚህ ግማሹ ቀድሞውኑ የእሷ ነው። አባት 50 አክሲዮን ትቶ ቢሞት 25ቱ የሚስት ይሆናል፤ ሦስት ልጆች ከቀረው ስምንት ስምንት ይወስዳሉ። አንድ ይተርፋል። አክሲዮን ደግሞ አይከፈልም፤ ያቺን አንዷን በጋራ ይይዙና አንድ ወኪል ይሰይሙላታል፣ ወይም አንዱ ለሌሎቹ ድርሻቸውን ከፍሎ ያስቀራታል። ጥል የሚነሳው ብዙ ጊዜ በዚህች በአንዷ ነው፤ በተለይ አክሲዮኑ ከሱቅ ጋር በተያያዘበት ማኅበር።

ከዚያ በኋላ የማኅበሩን መመሥረቻ ጽሑፍና መተዳደሪያ ደንብ ማንበብ ይገባል። አክሲዮን ለውጭ ሰው እንዳይተላለፍ የሚገድብ አንቀጽ ሊኖር ይችላልና። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው ይብሳል፤ እዚያ አባላቱ ማን አብሯቸው እንደሚገባ አጥብቀው ይመርጣሉ። አክሲዮኑ ለባንክ ብድር በመያዣነት ከተሰጠ እዳው አብሮ ይመጣል።

ውጭ አገር ያለ ወራሽ ውክልናውን ባለበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ያዘጋጃል፤ ሰነዱ እዚህ ተረጋግጦ ነው ሥራ ላይ የሚውለው። አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለም ድርሻውን የሚያስተዳድር ሞግዚት ያስፈልገዋል።

አክሲዮን ያላችሁ ነጋዴዎች፣ በየትኛው ማኅበር ስንት እንዳላችሁና የምስክር ወረቀቱን የት እንዳስቀመጣችሁ ዛሬውኑ ለቤተሰባችሁ ንገሩ። ኑዛዜ የምትጽፉ ከሆነም በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ እናንተም ምስክሮቹም ወዲያውኑ እንድትፈርሙበት አድርጉ።