በመርካቶ ውሎ የአካልና የአእምሮ ጤንነት አጠባበቅ

በትምህርት ቤቶቻችን ስለ ጤንነት አጠባበቅ የሚሰጠው ትምህርት፣ እንደሚታወቀው፣ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ገላ ንጽሕና፣ ስለ ምግብ ዓይነትና ስለ ተላላፊ በሽታዎች የሚያወሳ ነው። ስለ አእምሮ ጤንነት የሚነገረው ከስንት አንዴ ሲሆን፣ ሲነገርም ከአካል ተለይቶ ለብቻው እንደ ቆመ ጉዳይ ይቀርባል። የዓለም የጤና ድርጅት መቋቋሚያ ሰነድ መጋቢት 29 ቀን 1940 ዓ.ም. በሥራ ላይ ሲውል ግን ጤንነትን የተረጎመው የበሽታ አለመኖር ብቻ አድርጎ ሳይሆን፣ ሰው በአካሉም፣ በአእምሮውም፣ ከሌሎች ጋር ባለው ኑሮም ፍጹም ደኅና መሆኑ ነው በማለት ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን ቢቆጠርም የክፍል ውስጥ ልማዳችን ከትርጓሜው ጋር ገና አልተገናኘም።

ይህ ክፍተት ጎልቶ ከሚታይባቸው ሥፍራዎች አንዱ አዲስ ከተማ ነው። ለማስተማር ልምምድ በመርካቶ ዙሪያ ወደሚገኙ ትምህርት ቤቶች የሚሰማሩ ዕጩ መምህራን ሲመለሱ ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ በክፍል ውስጥ ስለሚያንቀላፋ ተማሪ ነው። ልጁ ሰነፍ ነው ወይስ ታሟል? ብለው ይጠይቃሉ። ብዙ ጊዜ መልሱ ከሁለቱም አይደለም። ልጁ ትናንት ማታ ሱቅ ዘግቶ፣ ዕቃ ወደ መጋዘን አስገብቶ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ የተኛና በ11 ሰዓት የተነሣ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለው ልጅ «በጊዜ ተኛ፣ ሦስት ጊዜ ብላ፣ አካልህን አንቀሳቅስ» የሚለው ምክር እውነት ቢሆንም አይጠቅመውም፤ ምክሩን የሚፈጽምበት ሰዓት በቀኑ ውስጥ የለምና። በመሆኑም የጤንነት ትምህርት መነሻው ምክሩ ሳይሆን ውሎው ሊሆን ይገባል። አካልና አእምሮም የሚገናኙት፣ አብረውም የሚደክሙት፣ በዚሁ ውሎ ውስጥ መሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ሥፍራውና ሸክሙ

መርካቶ አሁን ባለበት ቦታ የተቆረቆረው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ ቀድሞ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ይቆም የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር በመደረጉ ነው። ስሙም በኢጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ገበያው በየተራው እየተከፈለ አድጓል። የተራው ስም በዚያ የሚሸጠውን ዕቃ እንደሚያመለክት ሁሉ፣ ልብ ብሎ ለሚያይ ሰው የሚያደርሰውንም ጉዳት ያመለክታል። በበርበሬ በረንዳ የሚውል ሰው ብናኙን ሲስብ ይውላል፤ ሳልና የዓይን መቆጥቆጥ ከሥራው አይለዩም። አሮጌ ብረትና ቆርቆሮ እየተቀጠቀጠ ለአዲስ አገልግሎት በሚዘጋጅበት በምናለሽ ተራ ደግሞ የሚጎዳው ጆሮ ነው። የሙያ ጤንነት ባለሙያዎች ለ8 ሰዓት ሥራ የሚፈቅዱት የድምፅ መጠን 85 ዴሲቤል ገደማ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ክንድ ርቀት ቆመው ለመነጋገር መጮህ ካስፈለጋቸው ልኩ ታልፏል ማለት ይቻላል፤ መለኪያ መሣሪያ ለሌለው መምህር ይህ ምልክት ይበቃዋል። ጫጫታ የሚጎዳው ጆሮን ብቻ አለመሆኑም ሊታወቅ ይገባል፤ ሲውል ሲያድር ትዕግሥትን ያሳጥራል፣ እንቅልፍንም ይረብሻል።

በእህል በረንዳና በአውቶቡስ ተራ ዋናው ነገር ሸክም ነው። አንድ ሙሉ ኩንታል 100 ኪሎ ይመዝናል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1959 ዓ.ም. ስለ ሸክም ካወጣው ስምምነት ጋር ያጸደቀው የውሳኔ ሐሳብ አንድ አዋቂ ወንድ ሠራተኛ ከ55 ኪሎ በላይ እንዳይሸከም የሚያሳስብ ነው። ኩንታሉን በትከሻው አድርጎ የመጋዘን ደረጃ የሚወጣው ሰው እንግዲህ ከዚህ ልክ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ክብደት በአከርካሪው ላይ አኑሯል።

እዚህ ላይ በመምህራንም ዘንድ ሳይቀር የሚሰማ አንድ አስተሳሰብ መታረም አለበት። «የጉልበት ሠራተኛ ስፖርት አያስፈልገውም፤ ሥራው ራሱ ስፖርት ነው» ይባላል። በቅርብ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት ግን ከባድ የጉልበት ሥራ በፈቃድ የሚደረግ የአካል እንቅስቃሴ የሚሰጠውን ጥቅም አይሰጥም። ምክንያቱ ለመረዳት አያዳግትም። ስፖርት የሚሠራ ሰው ልቡን ለግማሽ ወይም ለአንድ ሰዓት አሠርቶ ያሳርፈዋል። ተሸካሚው ግን የልቡ ምትና የደሙ ግፊት ከፍ እንዳለ ይውላል፤ ሸክም ሲያነሣ ትንፋሹን ስለሚይዝም ግፊቱ በየጊዜው በድንገት ያሻቅባል። ስለዚህ ለእርሱ የሚመከረው ተጨማሪ ሩጫ አይደለም። ሸክምን መክፈል፣ በጋሪ መጠቀም፣ ሲያነሡ ጉልበትን አጥፎ ጀርባን ማቅናት፣ በሸክምና በሸክም መካከል ማረፍ ነው። ከእርሱ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ከማለዳ እስከ ማታ ከበርጩማው የማይነሣ ነጋዴ ደግሞ አለ። መራመድ የሚገባው ይኸኛው ሲሆን፣ ለአዋቂ ሰው የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረውና ጎዳናዎችን በእሑድ ጧት ከመኪና ነጻ የሚያደርገው «መንገድ ለሰው» የተባለው እንቅስቃሴ የሚጠቅመው በተለይ ይህን ሰው ነው። ስለዚህ አንዱን ምክር ለሁለቱም ማደል ሐኪም አንድ መድኃኒት ለሁለት በሽታ ሲያዝ እንደ ማየት ይቆጠራል።

ድካምን በጫት መሸሽም የዚህ ውሎ ክፍል ነው። በቅጠሉ ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ነርቭን ስለሚያነቃቃ ርኃብና ድካም ለጊዜው አይሰሙም። ነገር ግን ያልተበላው ምሳ ሳይበላ ይቀራል፤ የደም ግፊት ይጨምራል፤ ሌሊቱም ያለ እንቅልፍ ያልፋል፤ በማግሥቱ ድካሙ ከነወለዱ ይመጣል። ለተማሪዎች ሲያስተምሩ ጫትን በግብረ ገብ ቋንቋ ብቻ ከማውገዝ ይልቅ ይህን ሒሳብ ማሳየት የተሻለ ነው እንላለን። የመርካቶ ልጅ ሒሳብ ያውቃል።

እንቅልፍ

ከጤንነት አጠባበቅ ክፍሎች ሁሉ በትምህርታችን እጅግ የተዘነጋው እንቅልፍ ይመስለናል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ወጣት ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት እንደሚያስፈልግ ባለሙያዎች ይናገራሉ። ከላይ ያነሣነው ልጅ የተኛው 5 ሰዓት ነው። ዕድሜው 14 ነው ብንል፣ ከዝቅተኛው ልክ እንኳ በየቀኑ 3 ሰዓት፣ በየሳምንቱ 21 ሰዓት ይጎድለዋል። ይህም ከሁለት ሙሉ ሌሊት ተኩል በላይ ነው።

ጉድለቱ የሚታየው በማዛጋት ብቻ አይደለም። አንጎል ቀን የተቀበለውን ትምህርት አደላድሎ የሚያኖረው በአመዛኙ በእንቅልፍ ጊዜ ነው፤ ለሰውነት ዕድገት የሚረዳው ሆርሞንም በብዛት የሚመነጨው በከባድ እንቅልፍ ላይ ነው። ከዚህም ሌላ እንቅልፍ ያጣ ሰው ስሜቱን የመግዛት ኃይሉ ይቀንሳል። በትንሽ ነገር ይቆጣል፣ ያለቅሳል፣ ይጣላል። አንድ ተማሪ በአካሉ በመድከሙ ምክንያት በጠባዩ ይወቀሳል ማለት ነው። «ተንኳሽ»፣ «ደንቆሮ» የሚሉት ስሞች በልጅ ላይ ከመለጠፋቸው በፊት ስንት ሰዓት እንደተኛ መጠየቅ መምህሩን ምንም አያስወጣውም።

ቤተሰቡ በአንድ ክፍል የሚያድር ከሆነ ልጁ የሚተኛው የመጨረሻው ሰው ሲተኛ ነው። በዚህ ላይ ቡና አለ። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከተጠጣው ቡና ውስጥ የሚያነቃቃው ንጥረ ነገር ግማሽ ያህሉ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ገና በደም ውስጥ ይገኛል። ለወላጆች ስብሰባ ከሚነገሩ ነገሮች ሁሉ በቀላሉ ተቀባይነት የሚያገኘው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ቡናውን ተዉ ሳይሆን ሰዓቱን ወደፊት ሳቡት ስለሚል።

ሕጉም በዚህ ረገድ ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣት ሠራተኞች በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዳይሠሩ ደንግጓል። በአባቱ ወይም በአጎቱ መደብር የሚያገለግለውን ልጅ ግን አሠሪና ሠራተኛ በሚል ሚዛን መመዘን ያስቸግራል። ለዚህ ልጅ ከወላጁ ጋር በጨዋ ቋንቋ የሚነጋገር መምህር ከአዋጁ ይልቅ ሊደርስለት ይችላል።

ሐሳብ የገባው ሰው

የመርካቶ ሰው ሐኪም ዘንድ ሄዶ «አእምሮዬ ተጨንቋል» ሲል እምብዛም አይሰማም። «ጨጓራዬን ያመኛል»፣ «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤ ይመታብኛል» ይላል። እየዋሸ አይደለም። ሰው ሥጋት ሲያድርበት አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖች በደሙ ውስጥ ይበዛሉ፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ የምግብ መፈጨት ይታወካል። ሥጋቱ ለአንድ ሰዓት ቢሆን ይህ ዝግጅት ሰውን ከአደጋ ያድናል። ለወራት ሲቆይ ግን ያው ዝግጅት ራሱ በሽታ ይሆናል። ብድር ያለበት፣ ዕቃው ያልተሸጠለት፣ የእቁብ መክፈያው ቀን የደረሰበት ነጋዴ በዚህ ሁኔታ ዓመቱን ሙሉ ሊኖር ይችላል።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የደረሰው የእሳት ቃጠሎ የብዙ ነጋዴዎችን ንብረት አውድሟል። ከእንዲህ ያለ አደጋ በኋላ እንቅልፍ ማጣት፣ በጢስ ሽታ መደንገጥ፣ ነገሩ ደጋግሞ በሐሳብ መምጣት በአዋቂም በልጅም ላይ የሚጠበቁ ናቸው፤ በአብዛኛው ሰው ዘንድም በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳሉ። ከአንድ ወር በላይ ከቆዩ ግን ሕክምና ያስፈልጋል። የአባቱ ሱቅ የተቃጠለበት ልጅ ወላጆቹን ላለማሳዘን ሲል ዝም ማለቱ የተለመደ ስለሆነ፣ ዝምታውን እንደ ደኅንነት መቁጠር አይገባም።

ከገበያው ብዙም ሳይርቅ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይገኛል። በወረራው ዘመን የተቋቋመው ይህ ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ አገልግሏል። የሚያሳዝነው ስሙ ለፌዝና ለስድብ መዋሉ ነው። በሠፈር ጨዋታ «አማኑኤል ይወስዱሃል» እየተባለ ያደገ ልጅ ነገ ራሱ ሲታመም፣ ወይም እናቱ ስትታመምበት፣ ወደዚያ በር መሄድ ሞት ይመስለዋል። ብዙ የመርካቶ ነጋዴዎች ዘመድ ባላቸው በጉራጌ ምድር፣ በቡታጅራ ዙሪያ፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ያዳረሰ የአእምሮ ጤንነት ጥናት ተካሂዶ ነበር። ከባድ የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና ፈጽሞ ያላገኙ ነበሩ። ለዚህ የርቀትና የገንዘብ ችግር ድርሻ እንዳለው አይካድም፤ በመርካቶ ግን ሆስፒታሉ በእግር የሚደረስበት ስለሆነ ርቀት ምክንያት ሊሆን አይችልም። እንግዲህ ፌዙን በክፍሉ ውስጥ የማይፈቅድ መምህር አንድ የሕክምና ሥራ ሠርቷል ብንል ማጋነን አይሆንም።

መምህር ሐኪም አይደለም፤ በሽታ እንዲለይም አይጠበቅበትም። ሐዘን፣ ተስፋ መቁረጥና ከሰው መሸሽ ከሁለት ሳምንት በላይ የዘለቀበትን ተማሪ ግን ከወላጆቹ ጋር ተነጋግሮ ወደ ጤና ጣቢያ ማስላክ ይገባዋል። መኖርን እንደጠላ የተናገረ ልጅ ካለ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን፣ ብቻውን ሳይተው፣ ወደ ሕክምና ይወሰዳል። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ በከተሞች የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም በየቤቱ ስለሚዘልቁ መምህራን ቢያውቋቸው ይጠቅማል። ጠበል ወይም ዱዓ የመረጠ ቤተሰብ ሲያጋጥም መከራከር አያሻም። የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ ተጎራብተው በሚኖሩበት ሠፈር ጸሎትና መድኃኒት አብረው የማይሄዱበት ምክንያት የለም። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው የተጀመረ መድኃኒት እንዳይቋረጥ ብቻ ነው።

ለአእምሮ ጤንነት የሚረዱ ልማዶች በሠፈሩ አስቀድሞ አሉ። እቁብተኛ ከዕጣው ቀን ሲቀር ሌሎቹ «ምን ሆነ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ይህ ጥያቄ ብቻውን ብዙ ሰው አድኗል ብለን እናምናለን። እድር ደግሞ የበለጠ ኃይል አለው። ነገር ግን ሙሉ ኃይሉ የሚታየው በአብዛኛው ከሞት በኋላ ነው፤ ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት የታመመውን አባል ለመጠየቅና ለማሳከም ቢውል ምንኛ በጠቀመ።

የውሎ ሠንጠረዥ

ይህን ሁሉ ወደ ክፍል ለማምጣት አዲስ መጽሐፍ አያስፈልግም። ተማሪው በአንድ ወረቀት ላይ 24 መስመር አስምሮ፣ ያለፈውን የሥራ ቀን ሰዓት በሰዓት ይሙላ፤ የተኛበትን፣ የተማረበትን፣ የሠራበትን፣ የበላበትን፣ የተጫወተበትን፣ ከሰው ጋር ያወራበትን። ከዚያ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይደምረው፤ የተሸከመ ካለም የሸክሙን ኪሎ ይገምት። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ብቻ ይቅረብለት፦ ከእነዚህ ሰዓቶች መካከል አንተ ራስህ ልትለውጠው የምትችለው የትኛው ነው? አብዛኛው ተማሪ ሊለውጥ የሚችለው ግማሽ ሰዓት ብቻ ሊሆን ይችላል። ትምህርቱ ከዚያች ግማሽ ሰዓት ይጀምር።

ወረቀቱ ላይ ስም አይጻፍ፤ ድምፅ ተሰምቶም አይነበብ። የድህነት ማሳያ ከሆነ ልጆቹ በሁለተኛው ጊዜ ሐሰት ይሞላሉ። መምህሩ ወረቀቶቹን ከሰበሰበ በኋላ የራሱን ሥራ ይመልከትባቸው፤ በተለይም የሚያዘውን የቤት ሥራ። ከማታው 12 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ያለው መስመር በአብዛኞቹ ወረቀቶች ላይ በሥራ ተሞልቶ ካገኘው፣ ከየክፍለ ጊዜው መጨረሻ 10 ደቂቃ ቀንሶ መልመጃው በዚያው በክፍል ውስጥ እንዲሠራ ያድርግ።