የፎገራ ሩዝ ለቁርስ ስኮን

በደቡብ ጎንደር፣ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ክረምት በገባ ቁጥር የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የሚተኙበት ረባዳ ነው። ውኃ የማይችሉ ሰብሎች የሚቸገሩበትን ይህን መሬት ሩዝ ወደደው። በ1970ዎቹ በሰሜን ኮሪያ የግብርና ባለሙያዎች እገዛ በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ማኅበራት የተሞከረው ሰብል ዛሬ ወረታን የሩዝ መፈልፈያና የሩዝ ገበያ ከተማ አድርጓታል፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም መቀመጫው እዚያው ነው። የአካባቢው ሰው ሩዙን ቀቅሎ ብቻ አይበላውም፤ ፈጭቶ ከጤፍ ጋር ለእንጀራ ይቀላቅለዋል፣ ጠላና አረቄ ያወጣበታል፣ ዳቦም ይጋግርበታል። ለዳቦ ሲሆን ግን የሩዝ ዱቄት ይነቀፋል፤ አይነፋም፣ ይሰነጠቃል፣ ይፈረፈራል ይባላል። ነቀፋው እውነት ነው፤ ፍርዱ ግን ልክ አይደለም። የሩዝ ዱቄት ለእርሾ ዳቦ የሚጎድለው ነገር፣ ለቁርስ በሚጋገር ጣፋጭ ስኮን ላይ ቢጎድል ይመረጣል።

ምክንያቱ የሚጀምረው ከስንዴ ፕሮቲን ነው። በስንዴ ዱቄት ውስጥ ግሊያዲንና ግሉተኒን የተባሉ ሁለት የፕሮቲን ወገኖች አሉ። ውኃ ነክቷቸው ሲታሹ እርስ በርስ ተያይዘው ግሉተን የሚባል የሚለጠጥ መረብ ይሠራሉ። እርሾ ለሰዓታት ቀስ እያለ የሚያወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ድፎ ዳቦን የሚያነሣው ይህ መረብ ነው። የሩዝ ዱቄት ግን ከመቶ 80 እጁ ገደማ ስታርች፣ ከመቶ 7 እጁ ገደማ ፕሮቲን ሲሆን፣ ፕሮቲኑ ግሉተን አይሠራም፤ ስለዚህ ጋዙ ሊጡን ሰንጥቆ ያመልጣል። የስኮን ጉዞ ከዚህ ይለያል። ስኮን ከዱቄት፣ ከቅቤ፣ ከጥቂት ስኳርና ከጎምዛዛ ወተት ተለውሶ፣ ሳይቦካ ወዲያው የሚጋገር ትንሽ ዳቦ ነው። ጋዙ የሚመነጨው በደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ ወዲያውም ሙቀቱ ስታርቹን አብስሎ ቅርጹን ያጸናዋል። ለሰዓታት ጋዝ የሚይዝ መረብ ስለማያስፈልግ፣ ግሉተን ሲበዛ ትርፉ ማጠንከር ብቻ ነው። ስኮን የሚጋግሩ ሰዎች ሊጡ እንዳይታሽ አጥብቀው የሚያስጠነቅቁትም ለዚህ ነው። ከዱቄቱ ሲሶው ሩዝ ከሆነ ግሉተኑ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ እጅ ቢበዛበት እንኳ ሊጡ በቀላሉ አይጠነክርም።

ጋዙ ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄም የፎገራ ጓዳ መልስ አለው። ቤኪንግ ሶዳ፣ ማለትም ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ አሲድ ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። እንግሊዛዊው አልፍሬድ በርድ እ.ኤ.አ. በ1843 ያዘጋጀው ቤኪንግ ፓውደር ሶዳውን ከደረቅ አሲድ ጋር አንድ ላይ ያቀረበ ነው። በስሙ የሚጠራ የላም ዝርያ ባለው በፎገራ ግን አሲዱ በቤት አለ፤ እርጎ ተንጦ ቅቤው ሲወጣለት የሚቀረው አሬራ ነው። ልኩን ማወቅ ግን የግድ ነው። አሬራው ከሚችለው በላይ ሶዳ ከገባ፣ ትርፉ ሶዲየም ካርቦኔት ሆኖ ይቀርና ስኮኑ ሳሙና ሳሙና ይላል። የቦታው ከፍታም ወደዚያው ይመራል። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ በዚህም ያው የጋዝ መጠን በአንድ አራተኛ ገደማ ሰፍቶ ይነፋል። ከዝቅተኛ አገር የመጣ የአሠራር መመሪያ እንዳለ ሲወሰድ ስኮኑ ቶሎ ተነሥቶ ቶሎ የሚወድቀው ለዚህ ነው። ለ250 ግራም ዱቄት የሻይ ማንኪያ ሲሶ ሶዳና 150 ሚሊ ሊትር ገደማ አሬራ ይበቃል።

ቅቤው ለጋ እንጂ የተነጠረ መሆን የለበትም፤ ልዩነቱም የጣዕም ብቻ አይደለም። ለጋ ቅቤ ውስጥ ውኃ አለ፤ ቀዝቅዞ በዱቄቱ መካከል በትናንሽ ፍርፋሪ ከተበተነ፣ እሳት ሲነካው ውኃው ተንኖ ንብርብሩን ይከፍታል፤ ስቡም ዱቄቱን ሸፍኖ ግሉተን እንዳይያያዝ ያግዳል። የተነጠረ ቅቤ ውኃው አልቋል። የሜዳው ቀትር ሞቃት ስለሆነ ቅቤው ሳይቀልጥ ለመሥራት ማለዳ ይመረጣል፤ ለቁርስ ለሚጋገር ነገር ደግሞ ሰዓቱ ራሱ የተመቸ ነው። ስኳርም ከማጣፈጥ ሌላ ሥራ አለው፤ ውኃውን እየተሻማ ግሉተኑን ያዘገያል፣ ገጹንም ያቀላል። ለተጠቀሰው ዱቄት 60 ግራም ቅቤ፣ 40 ግራም ስኳርና ቁንጥር ጨው በቂ ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ሩዝ ጥርስ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል የሚለው ነው። ትክክል ነው፤ ደረቁን የተፈጨ ሩዝ ቅንጣቱ ጠንካራ ስለሆነ ውኃ የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው፤ ስኮን ደግሞ ጊዜ አይሰጠውም። መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መቀየር ነው። ላመው ተፈጭቶ የተነፋውን 80 ግራም የሩዝ ዱቄት ለብቻው በአሬራው ለግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ፤ ሶዳውን፣ ስኳሩን፣ ጨውና ቅቤውን ከ170 ግራም የስንዴ ዱቄት ጋር በጣት ማፍተልተል፤ ሁለቱን መጨረሻ ላይ ማገናኘት። በዚህ መንገድ ሩዙ ውኃውን ጠጥቶ ይለሰልሳል፣ ሶዳውም አሲዱን የሚያገኘው እሳቱ ሲደርስ ብቻ ስለሆነ ጋዙ በከንቱ አይባክንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ኦቨን የለም የሚል ነው። ስኮን በስኮትላንድ ቀድሞ የሚጋገረው ምጣድ ላይ ነበር፤ ኦቨን በየቤቱ የገባው ኋላ ነው። ሊጡን ሁለት ሳንቲ ሜትር አሳክሎ መቁረጥ፣ የጋለውን ምጣድ እሳት ቀንሶ በአክንባሎ መክደንና አጋማሽ ላይ ማገላበጥ ሥራውን ይሠራል። የሩዝ ስታርች ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት ይበስላል፤ በወረታ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ መሐሉ ለመብሰል የሚያግደው የለም። ሦስተኛው፣ ሩዝ ያለበት ዳቦ ሲያድር ይደርቃል የሚለው፣ እርግጥ ነው። ስታርቹ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይደራጅና ይጠጥራል፤ ፍሪጅ ደግሞ ነገሩን ያፋጥነዋል። ስለዚህ ለዚያው ማለዳ የሚበቃውን ብቻ መጋገር ይሻላል፤ የተረፈውንም እንደገና ማሞቅ ያለሰልሰዋል።

ከጤና አንጻር የሚነሣውም ሊታለፍ አይገባም። የተፈተገ ሩዝ በፕሮቲንም በአሰርም ከስንዴ ያንሳል፤ ስለዚህ ስኮኑ ከእንቁላል ወይም ከእርጎ ጋር ቢቀርብ መልካም ነው። ግሉተን ለማይስማማቸው ሰዎች ይህ ድብልቅ አይሆንም፤ ስንዴ በተፈጨበት ወፍጮ የተፈጨ ንጹሕ ሩዝም ቢሆን አያስተማምናቸውም። በጾም ቀን አሬራውን ሎሚ በተጨመቀበት ውኃ፣ ቅቤውን በኑግ ዘይት መተካት ይቻላል፤ ዘይት እንደ ቅቤ ንብርብር ባይከፍትም ልስላሴው አይጠፋም።

እነዚህ ተቃውሞዎች ሁሉ የሚያስተምሩት ልክንና ቅደም ተከተልን እንጂ ሩዝን መተውን አይደለም። የሩዝ ዱቄትን በድፎ ዳቦ መለካት ባልተፈጠረበት ሥራ መፍረድ ነው። የወረታ ዳቦ ቤቶች፣ ሻይ ቤቶችና የምግብ ዝግጅት አሠልጣኞች ሲፈለፈል ተሰብሮ በርካሽ የሚሸጠውን ሩዝ ላመው አስፈጭተው በዚህ መጠን ይሞክሩት። ሩዙም፣ አሬራውም፣ ቅቤውም የፎገራ ነው።