«ዛፍህን ቁረጥ» የተባለው የጎልድ ኮስት ገበሬ

በአንድ ቀበሌ የሰብል በሽታ ሲገባ ባለሙያው «የታመመው ይነቀል» ይላል፤ ባለማሳው ደግሞ «ልጆቼን በምን ላሳድር?» ብሎ ይጠይቃል። የገበሬ ማኅበር መሪው በሁለቱ መካከል ይቆማል። እንሰት በሚተከልባቸው አካባቢዎች ያሉ መሪዎች ይህንን ከአጠውልግ በሽታ ጋር በተያያዘ በሚገባ ያውቁታል። ይኸው ጥያቄ ከሰባ ዓመታት በፊት በምዕራብ አፍሪካ፣ ያን ጊዜ ጎልድ ኮስት ትባል በነበረችው በዛሬዋ ጋና፣ የእንግሊዝን ቅኝ አገዛዝ ካናጉት ጉዳዮች አንዱ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጎልድ ኮስትን በካካዎ ያበለጸጋት ገበሬው ራሱ ነው። ቴተ ክዋሺ የተባለ አንጥረኛ በ1879 ከፈርናንዶ ፖ ደሴት ያመጣውን ዘር በማምፖንግ እንደተከለ ይነገርለታል። ከዚያ በኋላ ገበሬዎች ገንዘብ እያዋጡ፣ ደን መሬት በጋራ እየገዙና እየተካፈሉ፣ የፈረንጅ ሰፋፊ እርሻ ሳያስፈልጋቸው ተከላውን አስፋፉት። በ1911 አገሪቱ በዓለም የካካዎ ምርት አንደኛ ሆነች፤ በ1930ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ዓመታዊው ምርት ወደ 300 ሺህ ቶን ደረሰ።

በ1936 በምሥራቃዊው ክፍል፣ በኮፎሪዱዋ አካባቢ፣ ዛፎች ቀንበጣቸው እያበጠ፣ ቅጠላቸው እየረገፈ ይደርቁ ጀመር። በ1938 በታፎ የምርምር ጣቢያ ተቋቋመ። በ1940 ፖዝኔት የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ የበሽታው መንሥኤ ቫይረስ መሆኑን አረጋገጠ። ቫይረሱን ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚያሸጋግሩት ዱቄት የለበሱ የሚመስሉ ጥቃቅን ነፍሳት መሆናቸውም ታወቀ። ነፍሳቱን ደግሞ ጉንዳኖች ይንከባከቧቸዋል። ቫይረሱ ከካካዎው ጋር ከውጭ የመጣ አልነበረም፤ ከጥንት ጀምሮ በአገሩ የደን ዛፎች ውስጥ ይኖር ነበር። እንግዳው ካካዎ በደኑ መካከል በብዛት ሲተከል አዲስ ማደሪያ አገኘ። የተያዘ ዛፍ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ይሞታል። መድኃኒት የለውም። የተገኘው ብቸኛ መከላከያ የታመመውን ዛፍ መቁረጥ ነበር።

የተመራማሪዎቹ ግኝት ትክክል ነበር። ችግሩ የመጣው ግኝቱ ወደ ገበሬው ማሳ በገባበት መንገድ ነው። ከ1946 መጨረሻ ጀምሮ መንግሥት ቆረጣውን ግዴታ አደረገው፤ የቆራጭ ቡድኖችም ያለባለቤቱ ፈቃድ ማሳ መግባት ጀመሩ። ገበሬው የሚያየው የታመመ ዛፍ እንኳ ለጥቂት ጊዜ ፍሬ መስጠቱን ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ የካካዎ ዋጋ እያደገ ነበር። ተክሎ ለመተካት ቢነሣ የድሮው ዝርያ ለፍሬ የሚደርሰው ከአምስት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ማሳውን በብድር መያዣነት የሰጠም ብዙ ነበር፤ ዛፉ ቢቆረጥም ዕዳው አይቆረጥለትም። መጀመሪያ ላይ የተሰጠው ካሣም ይህንን ሁሉ የሚሸፍን አልነበረም። በዚህ ላይ ጤነኛ የሚመስል ዛፍ ቫይረሱን ለወራት ደብቆ ሊይዝ ስለሚችል ቡድኑ ወደ አንድ ማሳ ደጋግሞ መመለስ ነበረበት። ይህ ለተመራማሪው ግልጽ ነው፤ ምክንያቱ ላልተነገረው ገበሬ ግን ቆራጩ በመጣ ቁጥር አዲስ ዘረፋ ነበር።

ጥርጣሬውም ከሜዳ የበቀለ አልነበረም። በ1937 የአውሮፓ የንግድ ኩባንያዎች በካካዎ መግዣ ዋጋ ላይ እርስ በርስ ስለተስማሙ ገበሬዎቹ አድመው እስከ 1938 የጸደይ ወራት ድረስ ምርታቸውን ሳይሸጡ ይዘው ነበር። ከዚያ አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የዚያው አገዛዝ ሰዎች መጥረቢያ ይዘው መጥተው «ለጥቅምህ ነው» ቢሉት ማን ያምናል? በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የገበሬውን እምቢታ «አለማወቅ» ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። ስለ ቫይረሱ አላወቀ ይሆናል፤ ስለ ገዢዎቹ ግን በሚገባ ያውቅ ነበር።

በየካቲት ወር 1948 በአክራ የቀድሞ ወታደሮች ሰላማዊ ሰልፍ ላይ ተኩስ ተከፍቶ ሰዎች ከሞቱ በኋላ ሁከቱ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። ጉዳዩን የመረመረው የዋትሰን ኮሚሽን ከሕዝቡ ቅሬታዎች መካከል የካካዎ ቆረጣውን ጠቅሷል። ቆረጣው ለጊዜው ቆመ፤ ከውጭ የተጠሩ ሳይንቲስቶች ግን መርምረው ከመቁረጥ ሌላ መላ የለም የሚለውን አጸኑት።

በ1951 ምርጫ የክዋሜ ንክሩማ ፓርቲ አሸነፈ፤ የግዴታውንም ቆረጣ አቆመ። ቆረጣው በፈቃድ፣ ከእርዳታና ከማስተማር ጋር እንዲሆን ተወሰነ። ገበሬው እፎይ አለ። በሽታው ግን የማንንም ፈቃድ አልጠበቀም፤ አንዱ ሲቆርጥ ጎረቤቱ ሲተው ከተተወው ዛፍ ተነሥቶ ወደ ተጸዳው ማሳ ይመለስ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ያው መንግሥት ወደ ግዴታው ተመለሰ። ሕዝብ የመረጠው መንግሥት መሆኑና ካሣ መክፈሉ ነገሩን አቀለለው እንጂ ቅሬታውን ፈጽሞ አላጠፋውም።

የገበሬውን ልብ ይበልጥ ያዘነበለው ሌላ ነገር ይመስላል። ፖዝኔት በ1944 ከትሪኒዳድ ደሴት የአማዞን አካባቢ ዝርያዎችን ወደ ታፎ አስመጥቶ ነበር። ከእነዚህ የተዳቀሉት ችግኞች በሽታውን ከድሮው ዝርያ በተሻለ የሚቋቋሙና ቶሎ የሚያፈሩ ሆነው ተገኙ። ከዚህ በኋላ «ቁረጥ» የሚለው ባለሙያ በሌላ እጁ «ይህንን ትከል» የሚለው ነገር አገኘ። ጋና በ1957 ነፃ ወጣች፤ በ1962ም የታፎው ተቋም የጋና የካካዎ ምርምር ተቋም ሆነ።

ዘመቻው ከዚያ ወዲህም አንዴ ሲጠነክር አንዴ ሲላላ ቆይቶ፣ የተቆረጡት ዛፎች ከ200 ሚሊዮን በላይ ደርሰዋል። በሽታው ግን እስከ ዛሬ አልጠፋም። የጋና መንግሥት በ2018 ባስጀመረው የካካዎ ማሳ ማደሻ ፕሮግራም የታመሙት ዛፎች በመንግሥት ወጪ ተቆርጠው ይተከላሉ፤ ካሣውም ካካዎውን ለሚያለማው ገበሬ ብቻ ሳይሆን ለባለመሬቱም ጭምር እንዲከፈል ተደርጓል። ምክንያቱም አያሌ ገበሬዎች ካካዎ የሚያለሙት በሰው መሬት ላይ በእኩልና በሢሶ ስለሆነ፣ ባለመሬቱ እሺ ካላለ ቆራጩ ማሳው ዳር ቆሞ ይቀራል።