ጭቃና ቋጥኝ የተቀላቀሉበት ተዳፋት

በየካ ክፍለ ከተማ ከእንጦጦ ግርጌ ለቤት መሠረት ወይም ለመንገድ የተቆረጠ ዳገት ፊቱ ብዙ ጊዜ አንድ ወጥ አይደለም፤ ከጡጫ እስከ በርሜል የሚያክል ድንጋይ በቡናማ ጭቃ ውስጥ ተሰግስጎ ይታያል። የእንጦጦ የእሳተ ገሞራ አለት በዝናብና በፀሐይ ሲበሰብስ ደካማው ክፍል ጭቃ ይሆናል፣ ጠንካራው እንብርት ቋጥኝ ሆኖ ይቀራል፤ ከላይ የተናደውም እታች ይከማቻል። መሐንዲሱ ኤድመንድ ሜድሊ በ1994 እ.ኤ.አ. ጠንካራ ድንጋይ በደካማ ማሰሪያ የተያዘበትን አለት «ቢምሮክ» ብሎታል፤ ማሰሪያው ጭቃ ሲሆንም ስሌቱ ተመሳሳይ ነው። እንዲህ ያለ ተዳፋት በድንጋዩ ብቻ ወይም በጭቃው ብቻ ሊመዘን አይገባም፤ የሚመዘነው በድንጋዩ ድርሻና ከሥራው ስፋት አንጻር ባለው መጠን ነው።

የድንጋዩ ድርሻ ከጠቅላላው ይዘት 25 በመቶ ገደማ ካልደረሰ መንሸራተቻው በጭቃው በኩል አቋርጦ ያልፋል፤ ድንጋዩ ለተዳፋቱ እምብዛም አይጠቅመውም። ከዚያ በላይ ሲሆን መንሸራተቻው በየቋጥኙ ዙሪያ ለመጠማዘዝ ስለሚገደድ የድንጋዩ ድርሻ 75 በመቶ ገደማ እስኪደርስ ድረስ ጥንካሬው እያደገ ይሄዳል። ከሥራው ቁመት 5 በመቶ የማይሞላ ድንጋይ ደግሞ እንደ ጭቃው አካል ይቆጠራል። ስለዚህ ግማሽ ሜትር የሚያህል ድንጋይ ለ4 ሜትር ቁረጣ ቋጥኝ ነው፤ ለ60 ሜትር ተዳፋት ግን ከጭቃው አይለይም። የግቢው ቁረጣ ጸንቶ መቆሙ ከበላዩ ላለው ኮረብታ ማስረጃ አይሆንም።

«ድንጋይ የበዛበት መሬት አይናድም» ለሚል፣ በጎሐጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የዓባይ በረሃ መንገድ መልስ ይሰጣል፤ የባዝልት ቋጥኝ በሞላበት ክምር ላይ ሲያልፍ በተደጋጋሚ ተንሸራቷል። ክረምት ሲገባ ውሃ የሚያላላው ጭቃውን ነውና። «እንግዲያው ሁሉንም ጭቃ ነው ብለን እናስላ» የሚለው ጥንቃቄ የተዳፋቱን ጥንካሬ ቢያሳንስም ወደ ደህንነት ያደላል፤ ለቁፋሮው ግን ያሳስታል። ስካቫተሩ ያልተጠበቀ ቋጥኝ ሲገጥመው ሥራው ይጓተታል፤ ቋጥኙ ተፈንቅሎ ሲወጣም ከበላዩ ያለው አፈር ደጋፊ ያጣል። ትልልቁ ድንጋይ ሳይለይ ለሙሊት ከዋለ በመካከሉ ክፍተት ይቀርና መሬቱ በኋላ ይሰምጣል። «ቆፍረን ናሙና አውጥተናል» ማለትም ብቻውን አይበቃም፤ መሰርሰሪያው የመታው ጠንካራ ነገር በጭቃ የተከበበ ቋጥኝ እንጂ የመሬቱ ወለል አለት ላይሆን ይችላል። በአካባቢው ከታየው ትልቁ ቋጥኝ ውፍረት አልፎ መሰርሰርና በተቆረጠው ፊት ላይ የድንጋዩን ድርሻ በሜትር መለካት፣ የድጋፍ ግንብ ከፈረሰ በኋላ መልሶ ከመገንባት እጅግ ርካሽ ነው።