ዋስ የማይጠራበት ሥራ

በአገራችን የቆየ ልማድ ሰው ወደ ሥራ ሲገባ ዋስ ይጠራል፤ ዋሱም በመዝገብ ላይ ፊርማውን ባኖረ ጊዜ አዲሱ ሠራተኛ ስሙን የሚያውቅ አሠሪና ስለ እርሱ የሚቆም ምስክር አገኘ ማለት ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ብዙ ወገኖቻችን የዕለት እንጀራቸውን የሚያገኙበት የኡበር ሥራ ግን ዋስም፣ አለቃም፣ «እንኳን ደኅና መጣህ» የሚል አንደበትም የሌለበት እንደ መሆኑ መጠን፣ መግቢያውንና መውጫውን ለማያውቀው አንባቢ ማስተዋወቅ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ተሳፋሪንና ባለመኪናን በስልክ አፕ የሚያገናኘው ይህ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 በሳን ፍራንሲስኮ ተመሥርቶ በ2011 መጨረሻ ወደ ዋሽንግተን ገባ። በመጀመሪያ ባለ ፈቃድ ጥቁር መኪናዎችን ይዞ የተነሣ ሲሆን፣ ከ2012 ጀምሮ ተራው ባለመኪና በገዛ መኪናው እንዲሠራ በሩን እየከፈተ ስለ ሄደ፣ በከተማይቱ ታክሲ ይነዱ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ከፊሎቹ ወደዚሁ ተሻገሩ፤ ኋላ የመጣውም ተከተላቸው። አዲሱ ሾፌር መንጃ ፈቃዱን፣ ኢንሹራንሱንና የመኪናውን ምዝገባ በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይልካል፤ የወንጀልና የመንዳት ታሪኩ ይመረመራል፤ ከዚያም ፊቱን ያየ ሰው ሳይኖር ሥራ ይጀምራል።

በሥራው የሚያቆየው ምንድር ነው ቢባል፣ ብዙዎቹ አስቀድመው የሚጠሩት ነጻነትን ነው። ይህንም ማቃለል አይገባም፤ እሑድ ቅዳሴ አስቀድሶ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት አምጥቶ፣ የታመመ ዘመድ ጠይቆ፣ ከዚያ በኋላ ማንንም ሳያስፈቅድ አፑን የሚያበራ ሰው፣ በፓርኪንግ ወይም በሆቴል ተቀጥሮ ሳለ ያላገኘውን ሥልጣን በገዛ ሰዓቱ ላይ አግኝቷል። ነገር ግን በሕግ ዓይን ተቀጣሪ ሳይሆን የራሱ ሥራ ባለቤት ሆኖ ገቢው 1099 በተባለው ቅጽ እየተመዘገበ ግብሩን ራሱ የሚከፍል ስለ ሆነ፣ ለሌላው ሠራተኛ አሠሪው እኩሌታውን የሚከፍልለትን የጡረታና የሕክምና መዋጮ እርሱ ሁለቱንም ወገን ችሎ 15.3 በመቶ ይከፍላል፤ ቤንዚኑም፣ ጎማውም፣ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወረፋ ሲጠብቅ ያለ ዋጋ የሚያልፈው ሰዓትም ከእርሱው ይወጣል። ለዚሁ ሥራ ብሎ መኪና በብድር የገዛ እንደ ሆነማ፣ በእኔ አስተያየት ከማናቸውም ውል ይልቅ የሚያስረው ይህ ዕዳ ነው።

መውጣቱም እንደ መግባቱ ጸጥ ያለ ነው። በዚያን ጊዜ የኩባንያው ኢኮኖሚስት የነበሩት ጆናታን ሆል ከፕሪንስተኑ ፕሮፌሰር ከአለን ክሩገር ጋር በ2015 ባወጡት ጥናት፣ ከጀማሪዎቹ ሾፌሮች ከዓመት በኋላ በሥራው ላይ የተገኙት ከግማሽ በጥቂቱ የሚበልጡ ብቻ ነበሩ። አንዱ የነርስነት ትምህርቱን ጨርሶ፣ ሌላው ወገቡ አልችል ብሎት ስልኩን ማብራት ይተዋል። አንዳንዱ ግን ተሳፋሪ የሚሰጠው ኮከብ ከወሰኑ ወርዶበት ወይም ክስ ቀርቦበት አካውንቱን ተዘግቶ ያገኘዋል፤ ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው በሚሟገቱበት ሥርዓት ያደገ ሰው፣ የከሳሹን ፊት ሳያይ መልሱን በስልክ ጽፎ ሲጠባበቅ ማየት እጅግ ያሳዝነኛል። በየትኛውም መንገድ ይውጣ፣ የስንብት ደብዳቤ አይሰጠውም፤ የኩባንያውን ምልክት ከመስታወቱ ላይ ልጦ ያነሣል፤ ቁልፍ መልስ የሚለው የለም፤ የመኪናው ብድር ግን በወሩ መጨረሻ ይደርሳል።