ከክላርክ ምናብ እስከ ሱሉልታ ጣቢያ

ከእንጦጦ ጋራ ጀርባ፣ በሱሉልታ፣ በ1970ዎቹ ሥራ የጀመረ የሳተላይት ጣቢያ አለ። ያኔ በዚህ ጣቢያ በኩል ባሕር ማዶ ላለ ዘመድ የደወለ ሰው አንድ ነገር አይረሳም፤ «ሃሎ» ካለ በኋላ ለቅጽበት ዝም ይላል። መልሱ የቀረ ሲመስለው «ትሰማኛለህ?» ይላል፤ ይሄኔ የወዲያኛውም ድምፅ ይደርስና ሁለቱ ንግግር ይሻማሉ።

ምክንያቱ ርቀት ነው። ድምፁ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ወዳለች ሳተላይት ወጥቶ ይወርዳል። የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዝም ለዚህ መንገድ ሩብ ሰከንድ ይፈጅበታል። መልሱም ያንኑ ያህል ስለሚፈጅ ጠያቂው ግማሽ ሰከንድ ይጠብቃል።

ያን ያህል መራቅ ለምን አስፈለገ? ሳተላይት ከምድር በራቀች ቁጥር ዙሯ ይረዝማል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከ600 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ብላ ስለምትበር በ97 ደቂቃ ገደማ ምድርን ትዞራለች፤ የእንጦጦው አንቴናም እየተከተለ ሊያያት ይገደድ ነበር። በ35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ግን የሳተላይቷ ዙርና ምድር በራሷ ላይ የምትዞርበት ጊዜ እኩል ይሆናሉ። ከታች ላየ ሰው ሳተላይቷ ቆማለች።

ይህን ከፍታ ለዓለም አቀፍ መገናኛ እንጠቀምበት ብሎ እ.ኤ.አ. በ1945 በመጽሔት የጻፈው እንግሊዛዊው አርተር ሲ. ክላርክ ነው። ያኔ አንዲትም ሳተላይት አልመጠቀችም። ከ23 ዓመት በኋላ ለሕዝብ የቀረበውን «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሴይ» የተሰኘ ፊልም ከፊልም ሠሪው ስታንሊ ኩብሪክ ጋር የጻፈውም ይኸው ክላርክ ነው። ከቆዩት የጠፈር ፊልሞች ምርጦቹ ዛሬም የሚታዩት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፦ ምናባቸውን በስሌት ገርተውታል።

መጀመሪያ ላይ እንዲህ አልነበረም። ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜልየስ እ.ኤ.አ. በ1902 «ጉዞ ወደ ጨረቃ» በተሰኘው ፊልሙ ተጓዦቹን በመድፍ ተኮሳቸው። ከምድር ስበት ለማምለጥ በሰከንድ 11.2 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ያስፈልጋል። መድፉ 300 ሜትር አፈሙዝ ቢኖረው እንኳ በተጓዡ ላይ የሚያርፈው ጫና ከክብደቱ 20,000 እጥፍ ይበልጣል፤ ከዚያ በሕይወት የሚወጣ የለም። ፍሪትዝ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1929 «ሴቲቱ በጨረቃ»ን ሲሠራ ግን የሮኬት ሊቁን ሄርማን ኦበርትን አማከረ። በፊልሙ ሮኬቱ ነዳጁ ያለቀበትን ክፍል እየጣለ ይሄዳል፤ ተጓዦቹ ጫናውን ተኝተው ይቀበላሉ፤ ከመነሳቱ በፊትም ቁጥር ወደ ታች ይቆጠራል። ዛሬም ሮኬት ሲተኮስ የምንሰማው ቆጠራ ነው።

ኩብሪክ በ«2001» ከሁሉም ርቆ ሄደ። በጠፈር ሰው ስለሚንሳፈፍ ስበትን የሚተካ ነገር ያስፈልጋል፤ መልሱ መሽከርከር ነው። የሚዞር ክፍል ውስጥ ያለ ሰው አካል ወደፊት ቀጥ ብሎ ሊሄድ ሲል ወለሉ መንገዱን ያጥፍበታል፤ እግሩም ወለሉን ይጫናል። ኩብሪክ ለዚህ 11.6 ሜትር ዲያሜትር ያለው ግዙፍ ተሽከርካሪ ክፍል በእውን አሠራ። ተዋናዩ ሁልጊዜ ከታች ይሮጣል፣ ክፍሉ በዙሪያው ይሽከረከራል፤ ከክፍሉ ጋር የታሰረው ካሜራ ሲቀርጸው ግን ግድግዳውን ወጥቶ በጣሪያው የዞረ ይመስላል። ድምፅ የሚያስተላልፍ አየር ስለሌለም በፊልሙ ከመንኮራኩሯ ውጭ ፍንዳታም ሆነ የሞተር ጩኸት አይሰማም።

አገራችን ውስጥ ተቀርጾ እ.ኤ.አ. በ2015 ለእይታ የበቃው፣ ዳንኤል ታደሰ የተወነበት የሚጌል ያንሶ «ክራምብስ» የተሰኘ ፊልምም «ይህ ይሆናል ወይ?» ለሚል ጥያቄ ይመቻል። በፊልሙ ውስጥ አንዲት የዛገች መንኮራኩር ሰማይ ላይ ተንጠልጥላ ትታያለች። በዚያ ዝቅተኛ ከፍታ ያለ ምንም ግፊት መቆም አይቻልም፤ ወይ ሞተር ያለማቋረጥ መሥራት አለበት፣ ወይ ትወድቃለች።

የክላርክ ስሌት ግን በሰበታና በቡራዩ ጣሪያዎች ላይ ይታያል። የናይልሳት ሳተላይቶች በ7 ዲግሪ ምዕራብ ስለቆሙ የእነሱን ሥርጭት የሚቀበል ዲሽ ወደ ምዕራብ ያያል። የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ የዲሽ ሠራተኛው ብሎኑን አላልቶ ሳህኑን ወደ ምሥራቅ አዞረው፤ «ኳሊቲ ስንት ገባ?» እያለም ቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጠውን ልጅ ጠየቀ። አዲሷ ሳተላይት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ለእኛም ይበልጥ ወደ አናታችን ስለሆነች ሳህኑን ከበፊቱ ቀና ማድረግም ነበረበት።

የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ የፊዚክስ መምህራን ከእነዚህ ፊልሞች አንዳንድ ትዕይንት አሳይተው «ይህ ይሆናል? ለምን?» ብለው ቢጠይቁ ደስ ይለኛል። የመድፉን ጫናም ሆነ የስልኩን መዘግየት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ራሱ ሊያሰላው ይችላል። ክላርክም ያን ጽሑፍ ያሳተመው ገና ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ፣ የ27 ዓመት የአየር ኃይል መኮንን ሳለ ነው።